ቃሉን ከመጻፋችን በፊት ፍጥነቱን እናስተካክል

የተከበራችሁ የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች፣

የማነሳው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየከተማው እየዞሩ ከሚጫወቱ የፓንክ ሮክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ዓይነት) ባንዶች ጋር፣ መድረክ አጠገብ፣ በእጅ ቴፕ የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን ነው። ባድ ብሬይንስን እንውሰድ። ከዋሽንግተን የተነሱ፣ ከፓንክ በፊት ጃዝ ፊውዥን (ጃዝን ከሮክ የሚቀላቅል ሙዚቃ) የተጫወቱ፣ የራስተፈሪያንን እምነት የተቀበሉ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው። በ1982 የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በካሴት ነበር።

የእነዚህ ቅጂዎች ትልቁ ጠንቅ ፍጥነት ነው። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። በቀረጻው ጊዜ ባትሪ ድንጋዩ ከደከመ ክሩ ይዘገያል፤ ያው ካሴት በጤነኛ ቴፕ ሲከፈት ድምፁ ይፈጥናል፣ ይቀጥናልም። ባድ ብሬይንስ በፍጥነታቸው ስለሚታወቁ ደግሞ የሚጠረጥር የለም። ረጋ ብሎ የመለሰው ሰው የተቆጣ ይመስላል፤ ቃለ መጠይቁን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠውም «በቁጣ» ብሎ በቅንፍ ያስገባል። ይህ ሰውየውን ያልሆነውን ማድረግ ነው።

ማስተካከያው እዚያው ካሴቱ ላይ ይገኛል። ከአምፕሊፋየሮቹ የሚወጣው እምምም የሚል ድምፅ የመብራቱን ድግግሞሽ ይዞ አብሮ ይቀዳል፤ አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ዙር)፣ አውሮፓ ውስጥ 50። የአሜሪካ ቅጂ ላይ ይህን ድምፅ ለክታችሁ 63 ካገኛችሁ 5 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን በ60/63 አባዙት፣ የድምፁም ቅጥነት አብሮ ይውረድ። ድንጋዩ እየደከመ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ 61 የነበረው መጨረሻ ላይ 64 ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው ለኩ። ከተማውን ሳታጣሩ ግን አትጀምሩ! ለንደን የተቀዳውን ወደ 60 የሳበ ሰው 20 በመቶ ያፋጥነዋል።

ከሁሉ በፊት በስህተት እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጀርባ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ክሩን ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የቴፑ አካል) ላይ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናልና ስፖንጁን ቀይሩ። ሄዱን በአልኮል ጥረጉ፣ ዶልቢውን (የክሩን ሹክሹክታ የሚቀንሰውን ማብሪያ) አጥፉ፣ የ«ስ» ድምፅ ጥርት እስኪል የሄዱን ብሎን በጥቂቱ አዙሩ። ዲጂታል ቅጂው በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ የጠያቂው ጥያቄ አይቆረጥ፤ መልሱ ያለ እሱ አቅጣጫውን ይስታል። ሙዚቀኞቹ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚሉትንም እኛ በምናውቀው ታሪክ አናርመው። እንደተባለ ይጻፍ፣ ማብራሪያው በግርጌ ይግባ። ያልተነካው ቅጂ ከተስተካከለው ጋር ይቀመጥ፤ ፍጥነቱ የተባዛበት ቁጥርም በየሁለት ደቂቃው ይመዝገብ።