መንጋው የሚያምነውና አይቶ የሚያልፈው

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፣ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

ጥልቀት የሌለው አንድ ሰፊ ገንዳ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። በውስጡ 150 ያህል ትንንሽ ዓሦች ተጠጋግተው ይዋኛሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ለእኛ በማይታየን ምክንያት፣ በድንገት በርግጋ አቅጣጫዋን ትለውጣለች። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ድንጋጤው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተዛመተ መንጋውን በሙሉ ያዞረዋል፤ ወይ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓሦች ዘንድ ደርሶ ይከስምና የቀሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ ለካሜራም የሚመቸው እሱ ነው። እኔ ግን ይበልጥ ልናገር የምፈልገው ስለ ሁለተኛው ነው። መረጃ በመንጋ ውስጥ በፍጥነት መሮጡ ያስደንቃል፤ መንጋው የደረሰውን ሁሉ አምኖ አለመሮጡ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፍጥነቱ የሚበልጥ ጥበብ ነው።

ፍጥነቱ ራሱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። ወፎችን ሲመለከት የኖረው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሎስ፣ እልፍ ወፎች ያለ መሪ በአንድ ቅጽበት ሲታጠፉ ቢመለከት፣ በ1931 ባሳተመው ሥራው ሐሳብ ከአንዱ አእምሮ ወደ ሌላው በቀጥታ ሳይተላለፍ አይቀርም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዛሬ ይህን ሰምቶ ፈገግ ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሴሎስ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የጎደለው እያንዳንዷን ወፍ ለይቶ የሚከታተል መሣሪያ ብቻ ነው። በኋላ የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ዲሚትሪ ራዳኮቭ የዓሣ መንጋዎችን ሲያጠና፣ ድንጋጤ በመንጋው ውስጥ እንደ ሞገድ እንደሚያልፍና ሞገዱም ከዓሦቹ የመዋኛ ፍጥነት እንደሚቀድም አስተዋለ። በዚህ ውስጥ ምሥጢር የለም። ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው መታጠፉ እንጂ ዓሣዋ አይደለችም፤ እያንዳንዷ ከቦታዋ ብዙም ሳትርቅ ጎረቤቷ ስትታጠፍ መታጠፍ ብቻ ይበቃታል።

በ1981 ሁለት ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ በባሕር ወለል ላይ በሚንሸራተቱ ነፍሳት ላይ ተመሳሳይ ነገር ለክተዋል። አዳኝ መሳይ ነገር ወደ መንጋው ሲያስጠጉ፣ በሩቁ ጠርዝ ያሉት ነፍሳት አደጋው ሳይደርስባቸው ይረበሹ ነበር፤ ወሬው ከአዳኙ ቀድሞ ይደርሳቸዋልና። ተመራማሪዎቹም ክስተቱን የትራፋልጋር ውጤት ብለው ሰየሙት፤ በ1805 ከትራፋልጋር የባሕር ውጊያ በፊት የጠላት መርከቦች ከወደብ መውጣታቸው ለእንግሊዙ አዛዥ ለኔልሰን የተነገረው ከመርከብ ወደ መርከብ በተላለፈ የባንዲራ ምልክት ነበር። ስያሜው ያማረ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳስታል። የመርከቡ ባንዲራ እንዲነበብ ተብሎ የተሰቀለ ምልክት ነው፤ የበረገገችው ዓሣ ግን ለማንም ምንም አልላከችም፤ ነፍሷን ለማዳን ሸሸች እንጂ። ሽሽቷን አይቶ መልእክት ያደረገው ጎረቤቷ ነው። በዓሣ መንጋ ውስጥ ከሚያልፈው መረጃ አብዛኛው እንዲህ ያለ፣ ላኪ ሳይኖረው ተቀባይ ብቻ ያለው መረጃ ነው።

ተቀባዩ በምን ይቀበላል? በዋናነት በዓይኑ ነው፤ ነገር ግን በዓይኑ ብቻ አይደለም። ዓሦች በሰውነታቸው ጎን ላይ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያውቁበት የስሜት ሕዋሳት መስመር አላቸው። በ1976 በወጣ ጥናት፣ ዓይናቸው ለጊዜው የተሸፈነ የባሕር ዓሦች ዓይናቸው ካልተሸፈነ ዓሦች መንጋ ጋር ተቀላቅለው መዋኘት ችለዋል፤ ከዓይናቸው ጋር የጎን መስመራቸውም ከሥራ ውጭ ሲደረግ ግን አልቻሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ላኪ የሌለው መልእክት ማረጋገጫም የለውም። ከጎኔ ያለችው ዓሣ የሸሸችው አዳኝ አይታ ይሁን ወይም በጥላ ደንግጣ፣ ከሽሽቷ ለይቼ ማወቅ አልችልም። እሷን ባላምናትና እውነት ቢሆን እበላለሁ፤ ባምናትና ሐሰት ቢሆን ጉልበቴንና የምመገብበትን ጊዜ በከንቱ እጨርሳለሁ። ሁሉም ሁሉንም የሚያምን ከሆነ ደግሞ፣ በአንዷ ያለ ምክንያት መበርገግ መንጋው ቀኑን ሙሉ ሲሸሽ ይውላል።

ለዚህ ጥያቄ እኔ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ መልስ የተገኘው በ2015 ኢየን ከዚንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ነው። ጎልደን ሻይነር የተባሉ 150 ያህል ዓሦችን በካሜራ ተከታትለው፣ እያንዳንዷ ዓሣ በእያንዳንዱ ቅጽበት ማንን እንደምታይ፣ የማን አካል የማንን እንደሚከልል በኮምፒውተር አሰሉ። በዚህም ዓይን የማያየውን የመንጋውን የግንኙነት መረብ ገልጠው አሳዩ። ውጤቱ እንዲህ ነበር። ዓሣዋ የምትመልሰው ለደነገጡት ጎረቤቶቿ ቁጥር ሳይሆን ከምታያቸው መካከል ለደነገጡት ድርሻ ነው። ሃያ ጎረቤት የምታይ ዓሣ አንዷ ብትበረግግ ጉዳዬም አትለው ይሆናል፤ ጎረቤቶቿ ጥቂት ለሆኑባት ግን የአንዷ መበርገግ ከባድ ምስክርነት ነው። ከዚህ የተነሣ፣ ጥቂት ነገር ግን ጠንካራ ትስስር ያላቸው ጎረቤቶች ያሏቸው ዓሦች፣ ሌሎችን በማስደንገጥም ሆነ በሌሎች በመደንገጥ ቀዳሚ ሆነው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ከመረቡ ቅርጽ ብቻ ተነሥተው፣ የተጀመረው ድንጋጤ ይስፋፋ እንደሆነ ገና በተጀመረበት ቅጽበት መተንበይ ችለዋል።

ጉዳዩ አደጋ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ካርል ፎን ፍሪሽ በ1938 እንዳሳየው፣ የአንዳንድ ዓሦች ቆዳ ሲቆስል ሌሎችን የሚያስፈራ ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ይለቀቃል። በ2019 የታተመ ጥናት ይህን ሽታ ተጠቅሞ ዓሦቹን ካሠጋ በኋላ መንጋው ለድንጋጤ ይበልጥ ስስ መሆኑን ተመለከተ። የምንጠብቀው እያንዳንዷ ዓሣ ፈሪ ሆና የጎረቤቷን ወሬ ቶሎ ማመን ትጀምራለች ብለን ነው። እርግጥ ነው፣ ዓሦቹ በራሳቸው የመበርገግ ዕድላቸው ጨምሯል፤ ለጎረቤት ድንጋጤ የሚሰጡት ምላሽ ግን እምብዛም አልተለወጠም። በዋናነት የተለወጠው አቀማመጣቸው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲለወጥ ማን ማንን እንደሚያይ ተለወጠ፤ መረቡ ሲለወጥም ድንጋጤው የሚሄድበት መንገድ በዛ። ይህን ግኝት ባሰብሁ ቁጥር እገረማለሁ፤ ጥንቃቄው የተቀመጠው በአንዷ ዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በዓሦቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ነውና።

የማያውቁትም ቢሆኑ በዚህ ማጣሪያ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት፣ በቁጥር የሚበልጡት ዓሦች ወደ ሰማያዊ፣ የሚያንሱት ደግሞ ወደ ቢጫ ምልክት እንዲሄዱ ሠለጠኑ። እነዚህ ዓሦች በተፈጥሯቸው ወደ ቢጫ ስለሚያደሉ፣ ጥቂቶቹ በፍላጎታቸው ጽናት ብዙኃኑን ይጎትቱ ነበር። ምንም ያልሠለጠኑ ዓሦች ሲጨመሩ ግን ውሳኔው ወደ ብዙኃኑ ተመለሰ። ምንም የማያውቀው ቁጥር የሚበዛበትን ወገን ስለሚከተል፣ የጥቂቶቹን ግትርነት ያለዝበዋል።

ከውኃው ስንወጣ ንቦችና ጉንዳኖች እዚያው ጥያቄ ፊት ቆመው እናገኛቸዋለን። አዲስ ቤት የሚፈልግ የንብ መንጋ ቃኚዎችን ይልካል፤ ቃኚዎቹም ተመልሰው ያገኙትን ቦታ በጭፈራ ያስታውቃሉ። በ2012 ቶማስ ሲሊና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የአንዱ ቦታ ቃኚዎች ለተፎካካሪው ቦታ የምትጨፍረውን ንብ በጭንቅላታቸው እየገጩ፣ አጭር ድምፅም እያሰሙ ጭፈራዋን ያስቆሟታል። እንዲህ ያለው ማስቆሚያ ሁለት እኩል የሆኑ ምርጫዎች መንጋውን ለሁለት ከፍለው እንዳያስቀሩት ይረዳል።

ማስቆሚያው ሲደክም ምን እንደሚሆን ያየነው በጉንዳኖች ነው። ጉንዳን በሄደችበት መንገድ ላይ ሽታ ትተዋለች፤ ሽታው ሌሎችን ይጠራል፤ እነሱም ሽታውን ያጠነክሩታል። በ1989 በታተመ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች ረጅሙን መንገድ አስቀድመው ከፍተው፣ ጉንዳኖቹ ከለመዱት በኋላ አጭሩን ቢከፍቱላቸው፣ ጉንዳኖቹ በረጅሙ መመላለሳቸውን ቀጠሉ። መንገዱ ረጅም መሆኑ ለእነሱ የተሰወረው መረጃ ስላጡ አይደለም፤ የቀድሞው መረጃ ራሱን እየደገመ አዲሱን ስለዋጠው ነው።

ብዛት ሁልጊዜ ጥበብ አለመሆኑን የሚያስረዳ ስሌትም አለ። በ2014 አልበርት ካኦና ከዚን እንዳመለከቱት፣ የመንጋው አባላት ሁሉ በአንድ ፍንጭ የሚመሩ ከሆነና ያ ፍንጭ ከተሳሳተ፣ ቁጥራቸው ቢጨምር ስሕተታቸው ይጸናል እንጂ አይታረምም። ስለዚህም በተወሳሰበ አካባቢ ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚወስኑት ትንንሽ መንጋዎች ናቸው።

ይህን ይዘን ወደ ገንዳው ብንመለስ፣ ቀድሞ እንደ ጉድለት ያየነውን አንድ ነገር ሌላ ስም ልንሰጠው እንችል ይመስለኛል። ዓሣ በመንጋው ውስጥ ሆና ሁሉንም አታይም፤ የቅርቡ አካል የሩቁን ይከልልባታል። ሁሉም ሁሉን የሚያይ ቢሆን፣ የምትሰማው አንዱን ወሬ ከሁሉም አቅጣጫ ተደጋግሞ ይሆን ነበር። አሁን ግን በፊት ያለችው ዓሣ የምታየው በኋላ ካለችው ይለያል፤ በጠርዝ ያለችውም በመካከል ካለችው የተለየ ዓለም አላት። ከአጠገቧ ያለችው ወፍራም ጎረቤቷ እይታዋን ስትጋርድባት፣ መንጋውን ከአንድ ተራ የሐሰት ድንጋጤ እየጋረደችው ይሆናል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።