ግራር ሥር የሚያድረው ሠራተኛ
(መተማ፣ ለሰሊጥ እርሻ ባለቤቶችና ለካቦዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የእርሻ ባለቤቶች፣ ካቦዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የአረም ሠራተኛ ሊገባ ነው፤ ጥድፊያ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማወራው ስለ አንዲት ዝንብ ብቻ ነው።

ጊንጥ ሲነድፍ ሰው ይጮሃል። ሥራ ይቆማል። ንብ ነድፋው ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረውም ጊዜ አይሰጥም፤ ትራክተርም ቢሆን ተነስቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይከንፋል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

የአሸዋ ዝንብ ግን ድምፅ የላትም። መጠኗ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ቀን በመረሬው ጥቁር አፈር ስንጥቅና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች። ማታ ትወጣለች። ያን ሰዓት ከደጋ የመጣው ልጅ ደክሞት ግራር ሥር ተጋድሟል። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስይዘው እሷ ናት።

በሽታው ቶሎ አይታይም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። እስከዚያ ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይሞታል። በ1997 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ ወረርሽኙ ሲታወቅ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በሽታውን ወደዚያ የወሰዱት ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል።

ማጭድ የቆረጠው ጣት የአደጋ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህ አይሰፍርም። ሕጉም ብዙ አያግዝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራው አካባቢ የተለመደን በሽታ በሥራ ምክንያት ከሚመጣ በሽታ አይቆጥረውም፤ በሽታውን ለመከላከል የተሰማራ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር። እኔ በበኩሌ ይህ አይዋጥልኝም። ደገኛው እዚህ የመጣው ለሥራ እንጂ ዘመድ ጥየቃ አይደለም። ቢሆንም ያው አዋጅ የሠራተኛውን ጤንነት ጠብቁ ይላችኋል።

ስለዚህ መኝታውን ከግራርና ከኩይሳ አርቁ። ትኩሳት የያዘውን ሠራተኛ ሒሳብ ሰጥታችሁ አታሰናብቱ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። ካላ አዛር ከሆነ በጥምር መርፌ ሲታከም 17 ቀን ይፈጃል። አጎበር ስትገዙ ደግሞ ያገኛችሁትን አትሰብስቡ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ዝንቧ ሾልካ ትገባለች። ጠበብ ያለውን፣ በመድኃኒት የተነከረውን ጠይቁ። ናሙናው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስትወጡ በእጃችሁ ዳስሳችሁ እዩት።

አመሰግናለሁ።