ቀብር አብረን፣ ቢሮ ለብቻ
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከወረዳ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን አቅርበዋል። የድንኳኑም ጉዳይ ተወስኗል። የእኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። ዛሬ ግን ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ ብዬ ዳኛችንን ለምኜ ነው የቆምኩት። የማወራው ስለ ቢሮ ነው። ስለዚያ ትንሽ መስኮት። ስለ «ነገ ተመለሱ»።

አባቴ ያረፈው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ምክንያቱም መጥታችኋል። ጡሩንባው ሳይነጋ ተነፋ። 12 ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ወጥቷል። እናቴን «ማስረጃ አምጪ» ያላት ሰው አልነበረም። «ስምሽን መዝገቡ ላይ አጣነው» ያላት አልነበረም። ይሄ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ባለመስመር ደብተር ነው። ደብተሩን እኔ ስለምይዘው አውቀዋለሁ። የአባሉ ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የወር መዋጮው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ደብተሩ ለሞተ ሰው ቤት አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ሌላው ነገር የጀመረው ከአርባው በኋላ ነው።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ወጥቶ አበሉን ይቀበል ነበር። ጡረተኛ ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የአበሉ ግማሽ ይከፈላል። ይሄ ሕግ ነው። የማንም ችሮታ አይደለም። ዛሬ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። አባቴ ሥራ በጀመረበት ጊዜ መቶኛው ከዚህ ያነሰ ነበር። ቢሆንም ከእጁ ሳይገባ የተቆረጠ የገዛ ላቡ ነው። እናቴ መስኮቱ ጋ የሄደችው ያንን ለመጠየቅ ነው።

የአባቴ ስም በ«ኃ» ይጀምራል። የጡረታ ደብተሩ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። የጋብቻ ማስረጃው ላይ ግን ጸሐፊው በ«ሀ» ጽፎታል። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጣቱን አንዱ ላይ አደረገ። ከዚያ ሌላው ላይ። «እማማ፣ ስሙ አይገጥምም» አለና ወረቀቱን በመስኮቱ ቀዳዳ መለሰላት። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው፣ በ1971 በተጀመረው። ያን ቀን ማታ እቤት ገብታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። «ለመሆኑ» አለችኝ፣ «በዚህኛው ሀ የተጻፈው ሰው ሌላ ነው እንዴ?» እኔ 29 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በግዕዝ የቃል ትርጉም እንደሚለዩ፣ በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ እንደሆነ ለስንት ሕፃን አስረድቻለሁ። ለእናቴ ግን የምመልሰው አጣሁ። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የኖረችውን ሰው ነው በአንድ ፊደል የነጠቋት።

ማስረጃውን ወደሰጠው ቢሮ ሄድን። መዝገቡ የድሮው ቀበሌ ጊዜ ነው አሉን። የድሮው ቀበሌ ደግሞ ወረዳ ውስጥ ተጠቃሏል። መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸው የዓመት እረፍት ላይ ናቸው። ስንመለስ ሰውዬው ተገኙ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ሆኑ። ፈራሚው ሲገኙ ሲስተም የለም ተባለ። ሲስተሙ ሲመጣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀኑ አለፈበት ተባለ። ሰባት ወር ነው የፈጀው።

በዚያ ሰባት ወር እናቴ ብዙ ነገር ተማረች። ወረፋ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት እንዳለባት አወቀች። በየትኛው ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ዘግይታ እንደምትመጣ አወቀች። ወረቀቶቿን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ይዛቸው ትቀመጣለች። በረኛው ካዘነላት ዱካ ያወጣላታል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሸፈነ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል። አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሚፈጀው ጊዜ በሰንጠረዥ ተጽፎበታል። እናቴ ንባቧ ዝግ ያለ ነው። ጣቷን በአየር ላይ እያስኬደች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። «ሠ ላ ሳ … ደ ቂ ቃ።» ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም።

ግን ሰባቱ ወር አይደለም ያስለቀሳት። ይሄን በደንብ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ። በአምስተኛው ወር ገደማ ሌላ ልጅ ነበር መስኮቱ ላይ። «ልጄ፣ አሁን ምን ላምጣ?» አለችው። ከስልኩ ላይ ቀና አላለም። «ነግሬሽ የለም እንዴ! አትሰሚም?» አላት። ማቅ ለብሳለች። 68 ዓመቷ ነው። እኔ ልጇ ነኝና አንቺ እላታለሁ። የማያውቃት ልጅ «አንቺ» ሲላት ግን መላ ሰውነቷ ሲኮማተር አየሁት። መንገድ ሙሉ አልተናገረችም። እቤት ገብታ ነው ያለቀሰችው። ገንዘቡ ይቅርብኝ አለች። እንደዚያ ያለ ቃል ሰምታ የምትበላው እንጀራ እንደማይወርድላት ነገረችኝ።

ይሄ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። ለዚህ ጉባኤ ስዘጋጅ ከአባላት ጋር ቡና ጠጥቻለሁ። አንዱ ንግድ ፈቃዱን ሊመልስ ሄዶ መመለሱ ከማውጣቱ ይልቅ ከበደው። አንዷ የልጇ የልደት ሰርተፊኬት ላይ የአያቱ ስም ተሳስቶባት ልጁ ፈተና ሊያልፈው ነበር። የሌላው ደግሞ የመብራት ቆጣሪ ነው። ጉዳያቸው ለየቅል ነው። ንግግራቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ተገናኘ። ሁሉም «ምን ላድርግ፣ እዚያ ሰው የለኝም» አሉኝ።

«ሰው የለኝም።» ሁላችንም እንለዋለን። ዘመድ፣ አብሮ አደግ፣ ስልክ ደውሎ የሚያስጨርስ ሰው ማለታችን ነው። ሰው ያለው በጓሮ በር ይገባል። ሰው የሌለው ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ወገኖቼ፣ ይሄን ቃል የሚናገሩት 214 አባወራና እማወራ ያለበት ዕድር አባላት ናቸው። ሞት ሲመጣ 200 ሰው ከኋላቸው የሚሰለፍላቸው ሰዎች ናቸው ሰው የለኝም የሚሉት።

ደጅ መጥናት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። አያቶቻችን በመኳንንቱ ደጅ ወር ዓመት ጠንተዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት የመጣው ከዚያው ደጅ ነው። ይሄን ተረት ለልጆቻችን ባናወርሰው ደስ ይለኛል። ከዚያው ዘመን የሚወረስ ሌላ ነገር ሞልቷልና። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ልብሳቸውን ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ጨዋ ሰው ካገኙ ዳኘን ይሉታል፤ እሱም ቁጭ ብሎ ያዳምጣቸዋል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሳ እጅ ይወርድ ነበር። ባላገሩ ሕግ የእኔም ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዛሬም ሕጉ አለ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12ን አንብቡት። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ ነው ይላል። በ2012 የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1183። መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ሲወስን ምክንያቱን መግለጽ እንዳለበት፣ ሰውየውም ቅር ካለው አቤት የሚልበት መንገድ እንዳለው ይደነግጋል። በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለን። ስሙን ልብ በሉት። እንባ ጠባቂ። ስሙን ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የእኔን እናት የሚያውቃት ይመስለኛል።

በቅርቡ ደግሞ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀምሯል። የፋይዳ መታወቂያም እየተዳረሰ ነው። ጥሩ ነው፣ ይስፋፋ። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ጉዳይ መጨረስ ለእግር እረፍት ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተር «እርስዎ» አይልም። እሱ ከሰው ነው የሚመጣው።

አሁን ከወረዳ ለመጣችሁት ልጆቻችን ልናገር። ልጆቻችን የምለው ከልቤ ነው። ደመወዛችሁ የቤት ኪራይ ከፍላችሁ ምን እንደሚተርፋችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ ከእኛው ግቢ ነው የምትከራዩት። የላይ አለቃ ይጮህባችኋል፣ ባለጉዳይ ይጮህባችኋል፣ ወንበራችሁ ተሰብሯል፣ ማተሚያው ቀለም የለውም። እናንተንም ሰው አልቆጠራችሁም። እኔም አስተማሪ ነበርኩ፣ ጠመኔ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ በገዛ ደመወዜ ገዝቼ አስተምሬያለሁ። ያ ብሶት የት እንደሚወጣ አውቃለሁ። በሕፃኑ ላይ ነው የሚወጣው። ተው፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም ላይ ደርሷል፣ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የእናንተም ብሶት እናቴ ላይ ወጣ።

ከእናንተ የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። አይሆንም ስትሉ ለምን እንደማይሆን ጻፉልን። አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ቀኑ፣ የጎደለው ነገር፣ የተናገረው ሰው ስም። ባለጉዳይ አምስት ቦታ የሚንከራተተው አምስቱም ቦታ በቃል ስለሚነገረው ነው። የቃል ነገር ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ይለወጣል። የተጻፈ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ይጨርሳል። ለእናንተም ወረፋው ያጥርላችኋል።

ወደ እኛ ልመለስ። የእናቴ ጉዳይ በመጨረሻ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ሰውም አልተገኘም፣ ጉቦም አልተሰጠም። በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ከዚህ ዕድር ሁለት ሴቶች አብረዋት ሄዱ። እዚህ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ ተቀመጡ። ማንንም አልተሳደቡም። ልጁ ሲመልሳት አንዷ እስክሪብቶ አወጣችና «ልጄ፣ ያልከውን ልጻፈው፣ ስምህን ማን ልበል?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ወረቀቱን መልሶ ወሰደ። ከኋላ ካለ ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ተነጋገረ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ደብዳቤው ተፈርሟል። ሀ እና ኃ አንድ ሰው ሆኑ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንጨምር። አባል ሲሞት ድንኳን እንደምንተክለው ሁሉ፣ ከአርባው በኋላ ለሐዘንተኛው ቤት ሁለት ሰው እንመድብ። ወረቀቱ እስኪያልቅ አብረው የሚሄዱ። ጉዳይ ለማስፈጸም አይደለም፣ ለመማለድም አይደለም። አጠገባቸው ለመቀመጥና የተባለውን ለመጻፍ ነው። ቀብር የቀረ እንደሚቀጣው፣ በተራው ያልሄደም ይቀጣ። ለታመመ፣ ለአቅመ ደካማ፣ ማንበብ ለማይችልም እንዲሁ ይሁን። አንዳንዶቻችሁ ዕድር የሞት እንጂ የቢሮ አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። አዲስ ነገር ለመጀመርም ጊዜ ይፈልግ ይሆናል፤ ብትከራከሩ ደስ ይለኛል፣ ዳኛችን ዕድል ይሰጣሉ።

እኔ ግን ውሳኔውን አልጠብቅም። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከአንዲት እናታችን ጋር እሄዳለሁ። ባለቤታቸውን በሚያዝያ ነው የቀበርነው። እስከ አሁን አራት ጊዜ ተመልሰዋል። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል። ለዚሁ ሥራ አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፣ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔን ስም ጽፌያለሁ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶውም አጠገቡ አለ።

አመሰግናለሁ።