ክረምት ላይ መረባችንን እናንሳ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከደራ፣ ከፎገራና ከጎርጎራ ባሕር ዳር ድረስ የመጣችሁ ደግሞ በልዩ ሁኔታ አመሰግናችኋለሁ።

ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። እኔ ስለ ጣና ሐይቃችን ነጭ አሳ ልናገር።

ቀረሶ የሚባለው አሳ የሚራባው ሐይቁ ዳር፣ ሣርና ደንገል ያለበት ውኃ ላይ ነው። አብዛኛው ነጭ አሳ ግን ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣል። ንጹሕ ውኃና ጠጠር ፈልጎ እንቁላሉን እዚያ ይጥላል። ሽቅብ ከመውጣቱ በፊት ታዲያ የወንዙ መግቢያ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባው ይሞላለታል። አሳው ሲቀደድ ሆዱ እንቁላል ብቻ ነው። ሁላችንም አይተነዋል።

ድሮ የወይጦ አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምዱ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ መጣ፤ ገበያውም አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያስተማርነው በዚህ ነው፣ አላማርርም። ነገር ግን ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብቻ የነጭ አሳ መጠን 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራው መረብ ተጨመረ። ርካሽ ነው። ተቀዶ ሐይቁ ውስጥ ሲጣልም አሳ መያዙን አያቆምም።

የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሌሊት ጉማራ መግቢያ ላይ ያለነው ግን እኛው ነን።

«ሌላው እያጠመደ እኔ ለምን ልቅር?» የሚል አለ። እውነቱን ነው። ብቻውን ያቆመ ሰው ልጆቹ ጦም ያድራሉ፣ ሐይቁም አይጠቀምም። በዚያ ላይ ወቅቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ አሳ ተፈላጊ ነው። ይህን ሳልረሳ ነው የምጠይቃችሁ። እምቦጩን እስከ ደረታችን ውኃ ውስጥ ገብተን አብረን የነቀልን ሰዎች ይህንንም አብረን እንችላለን።

የሥራ አመራሩ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማንም አባላችን የወንዝ መግቢያ ላይ መረብ አይጣል። ከዚያ ርቆ ቀረሶና አምባዛ ያጥምድ። ገቢው ለሚቀንስበት አባል ከቁጠባችን ያለ ወለድ ብድር ይሰጠው፤ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይመልስ።

ከሻይ በኋላ በየወረዳችሁ ተቀመጡና ተከራከሩበት። የብድሩ ጣሪያ ስንት ይሁን የሚለውን በተለይ እዩት። ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።