ጣና ሥር የተኛው ዝናብ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ይቺን ጠርሙስ ተመልከቷት። ውስጧ ያለው ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ባሕር ዳር የዘነበ ውሃ ነው። ስታዩት ከቧንቧ ውሃ አይለይም። ግን ከየት እንደተነሳና በምን ዓይነት መንገድ እንደመጣ የሚጠቁም ምልክት አለበት። ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚያ ምልክት ነው።

ውሃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ከ500 የኦክስጅን አቶሞች አንዱ ገደማ ከሌሎቹ ይከብዳል። ሁለት ኒውትሮን ይበልጣል። ኦክስጅን 18 ይባላል፤ የተለመደው ኦክስጅን 16 ነው። ሃይድሮጅንም ዲዩተሪየም የሚባል ከባድ ወንድም አለው። እነዚህን ነው አይሶቶፕ የምንላቸው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እሳቱ ሲነድ ቶሎ የሚተነው ይቀድማል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አረቄ ኃይለኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ውሃም ከባሕር ሲተን ቀላሉ ይቀናዋል። ደመና ሆኖ ሲጓዝ ግን ተራው የከባዱ ነው። ሸክም የከበደው መንገደኛ ቀድሞ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ ከባዱ ውሃ ቀድሞ ይዘንባል። ደመናው በራቀና በቀዘቀዘ ቁጥር የሚቀረው ውሃ እየቀለለ ይሄዳል።

ይህን በዝናብ ላይ ካዩት መጀመሪያዎቹ አንዱ የዴንማርኩ ሳይንቲስት ዊሊ ዳንስጋርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ግቢው ሣር ላይ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አቆመ። አፉ ላይ ዘይት ስንገለብጥ የምንጠቀምበትን ዓይነት ሾጣጣ ነገር ሰካ። ዝናቡን አጠራቅሞ ከባዱ ኦክስጅን ምን ያህል እንደሆነ ለካ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የዛሬ ዝናብ የደመናውን ቅዝቃዜ ከተናገረ፣ የድሮ በረዶም የድሮውን ቅዝቃዜ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ግሪንላንድ ላይ 1,390 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወጣውን በረዶ እሱና ባልደረቦቹ ለኩት። ወደ 100 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የሙቀትና የቅዝቃዜ ታሪክ አነበቡበት። በኋላ ከአንታርክቲካ የወጣው በረዶ 800 ሺህ ዓመት ወደኋላ አደረሰን። ሁሉም የተጀመረው ከአንድ የቢራ ጠርሙስ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እኛ ጋ እንደዚያ ያለ በረዶ የለም። ዋሻና ሐይቅ ግን አለን። ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ አካባቢ ባሉት ዋሻዎች ውስጥ ጠብታ በጠብታ ከወለሉ ወደ ላይ ያደጉ የኖራ ድንጋዮች አሉ። የዝናቡ ኦክስጅን በየንብርብራቸው ተይዟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋቸዋል።

ወደ ጣና ልመለስ። ቤት ስትገቡ አንድ የጎመን ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ጠብታው ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ቅጠሉ ሰም አለው። ተክሉ ያንን ሰም የሚሠራበት ሃይድሮጅን የሚመጣው ከጠጣው ዝናብ ነው። ቅጠል ይረግፋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ሐይቁ ሥር ደለል ይሆናል። ሰሙ ግን በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት አይጠፋም። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ጣና ወለል ሰድደው ያንን ጭቃ አውጥተዋል።

ጭቃው የነገራቸውን ስሙ። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ለመባል አይበቃም ነበር። ዙሪያው ደርቋል። መሃሉ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር። ዓባይም ከጣና አይወጣም ነበር። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ተመለሰ፤ ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ። በኋላ ሰሃራ ራሱ ሣርና ሐይቅ በሆነበት ዘመን የተቀበረው ሰም ሲለካ ዲዩተሪየሙ ያነሰ ነው።

ለምን አነሰ? ዝናቡ ስለበዛ ብቻ ነው? ወይስ ከኮንጎ በኩል የሚመጣው እርጥበት ስለጨመረ? በእኛ አገር ቁልፉ እንደ ግሪንላንድ ቅዝቃዜ አይደለም። የዝናቡ ብዛት አለ፣ የመጣበትም መንገድ አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻለው የዛሬውን ዝናብ በደንብ ስናውቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ ዝናብ ሲሰበሰብ ኖሯል። ውጤቱ ብዙ ሰው አስገርሟል። ለከተማዋ ከፍታ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ውሃ ነው የሚዘንበው። ምክንያቱ ላይ ክርክሩ አልተዘጋም። አንድ ጣቢያ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ተራራና ቆላ አይበቃም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ጠርሙስ ያቁም። ሥራው ቀላል ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝናቡ እንዳባራ ውሃውን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡ። እስከ አፉ ሙሉት፣ አየር አይቅርበት። ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ የሰበሰብኩት ውሃ ክዳኑ ስለላላ ተበላሽቶብኛል። ቀላሉ ተንኖ ከባዱ ብቻ በዛ፤ ቁጥሩ የዝናቡ ሳይሆን የጠርሙሱ ሆነ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ቀኑንና የዝናቡን መጠን በሚሊ ሜትር ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ተራ ውሃ ነው።

ባዶ ጠርሙሶቹን በሩ አጠገብ በካርቶን አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ለትምህርት ቤታችሁ ውሰዱ። ሰኔ ሳይገባ ቦታ ምረጡላቸው፤ ከዛፍ ሥርና ከጣሪያ ጠብታ ራቅ ያለ፣ ልጆች በየጠዋቱ ሊደርሱበት የሚችሉት።

አመሰግናለሁ።