የቦንሳይ ሸክላ በገዛ እጃችን

[ምስል፦ ሱሉልታ፣ የአንድ ቤት ጓሮ። ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ያለ ትንሽ ወይራ። እጆች ዛፉን ከነአፈሩ ያነሡትና ሸክላውን ይገለብጡታል።]

ሰላም ተመልካቾቻችን። ቦንሳይ በጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ እየተከረከመ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። የቦንሳይ ሸክላ ደኅና ይሁን አይሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ገልብጡት። ቅርጹና ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ዛፉን የሚያኖረው ግን ታቹ ነው።

አፈር ውኃ ጠጥቶ ካንጠፈጠፈ በኋላም ከበታቹ የማይወርድ እርጥበት ይይዛል። የእርጥበቱ ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በሸክላው ጥልቀት አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቅ በሆነ ማሰሮ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ቢረጥብ ሥሩ ከላይ ይተነፍሳል። 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የቦንሳይ ሸክላ ውስጥ ግን ያው 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ሁሉም ጭቃ ነው ማለት ይቻላል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ልኩን ከዛፉ እንውሰድ። ወይራችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው የሸክላው ርዝመት የቁመቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 20 ይሁን። ጥልቀቱ ደግሞ ግንዱ ከሥሩ ላይ ካለው ውፍረት ጋር ይቀራረብ። ጭቃ ሲደርቅና ሲቃጠል ግን ይኮማተራል። አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ 22 አድርጋችሁ ቁረጡት።

[ምስል፦ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት።]

ጭቃውስ? ከጓሮዬ ቆፍሬ ልሥራ የሚል አይጠፋም። እዚህ አካባቢ በብዛት ያለው መረሬ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ መሬቱ ላይ የምታዩት ስንጥቅ ሸክላችሁም ላይ ይወጣል። ቀጨኔ ወርዳችሁ ከሸክላ ሠሪ እናቶች የተዘጋጀ ጭቃ ብትገዙ ይሻላል። ዋጋ አትከራከሩ፤ ያ አፈር ተቆፍሮ፣ በጀርባ ተጭኖ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ነው እናንተ ዘንድ የደረሰው። የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ ካላችሁም አትጣሉት። ገሉን ወቅጣችሁ፣ በወንፊት ነፍታችሁ ከጭቃው ጋር አቡኩት። መኮማተሩን ይቀንሳል፣ እንፋሎትም መውጫ ያገኛል።

[ምስል፦ ጭቃ በሁለት እኩል ጣውላዎች መካከል ሲዳመጥ።]

ጭቃውን አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡት። ወዲያው አትገጣጥሙ፤ በጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድ፣ በቢላ ግን የሚቆረጥ እስኪሆን ጠብቁ። መጋጠሚያውን በሹካ ቧጭሩ፣ እንደ አጥሚት በቀጠነ ጭቃ ቀብታችሁ አጣብቁ። አፉን ወደ ውስጥ አታጥፉት። ዛፉ በየጊዜው ወጥቶ ሥሩ ስለሚከረከም ጠባብ አፍ ያስቸግራል።

አሁን ታቹ። ስፋታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሁለት ቀዳዳዎች ብሱ። የውስጡ ወለል ወደ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ያዘንብል። በጣታችሁ ዳብሱት፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኛችሁ ውኃ የሚተኛው እዚያ ነውና አስተካክሉት። ከዚያ ሽቦ የሚያሳልፉ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጨምሩ። ዛፉ በዚህ ጥልቀት ብቻውን አይቆምም፣ የሱሉልታ ነፋስ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሥሩ በሽቦ ይታሰራል። በመጨረሻም እግር አድርጉለት። መሬት ላይ ልጥፍ ያለ ሸክላ ቀዳዳው ቢኖረውም እንደ ተደፈነ ቁጠሩት።

ማድረቁ ትዕግሥት ይፈልጋል። በጥላ፣ ፌስታል ለበስ አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ አድርቁ። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እንደዚያ እሳት ውስጥ ከገባ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

[ምስል፦ ኩበትና እንጨት፣ መሐሉ ላይ ሸክላ።]

እሳቱ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በጃፓኗ የቶኮናሜ ከተማ የሚሠራው የቦንሳይ ሸክላ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል፤ በኩበትና በእንጨት የሚቃጠለው የእኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ900 በታች ነው። ስለዚህ የእኛው ውኃ ይመጥጣል። ይህ ጉዳት የሚሆነው የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ ሸክላውን በሚሰነጥቅበት አገር ነው። ለእኛ የአየር ጠባይ ውኃ የሚመጥ ሸክላ ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ በበጋ ግን ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ግድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የሚያብለጨልጭ ቅብ ፍለጋ ባትደክሙ እመርጣለሁ።

ሲበርድ አንኳኩት። ጥርት ብሎ ከጮኸ በስሏል፤ ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። እንደ ምጣድ በጎመን ዘር እንዳታሟሹት፣ ዘይቱ ሸክላው ውኃ የሚመጥበትን ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፍናል። ከመትከላችሁ በፊት ግን ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ አለበለዚያ የአፈሩን እርጥበት ራሱ ይጠጣዋል። የታቹን ቀዳዳዎች በትንኝ መረብ ሸፍኑ። ለአፈሩ ብሎኬት የሚሠራበትን ፑሚስ ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉ፣ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ።

ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ ላላችሁ ግን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት አለ። የመጠጠው ውኃ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው በእነዚያ ሌሊቶች ሸክላውን ከነዛፉ ወደ በረንዳ አስገቡት፣ ማታም አታጠጡት።