«ደህና ነኝ» ብዬ የከፈልኩት ዕዳ

እንደምን አመሻችሁ፣ ወገኖቼ። እናቶች፣ አባቶች፣ ከሥራ በቀጥታ መጥታችሁ ዩኒፎርማችሁን ሳታወልቁ የተቀመጣችሁም፣ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። እዚህ ያቆመኝ የራሴ ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሲያትል፣ የምሠራበት ቦታ ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ አንኢምፕሎይመንት የምንለውን፣ ሞላሁ፤ ተፈቀደልኝ። በየሳምንቱ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «በዚህ ሳምንት መሥራት ትችል ነበር?» የሚል ነው። «አዎ» እላለሁ። መሃል ላይ ወገቤን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ባለቤቴ ነበረች። በእነዚያ ሳምንታትም «አዎ» አልኩ! ልዋሽ ብዬ አይደለም። እኛ እኮ አልጋ ላይ ተዘርግተንም «እንዴት ነህ?» ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምንለው።

ከወራት በኋላ ከአንኢምፕሎይመንት መሥሪያ ቤት በሌላ ጉዳይ ስልክ ሲደወልልኝ፣ በጨዋታ መሃል ኦፕራሲዮኑን አነሣሁት። ቀኑን ጠየቁኝ። ትንሽ ቆይቶ «የእነዚያን ሳምንታት ገንዘብ መልስ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ጥፋቱ የራሴ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን፣ ለእነዚያ ሳምንታት ሌላ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ እችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንኢምፕሎይመንት መሥራት እየቻለ ሥራ ላጣ ሰው ነው። ፔይድ ሊቭ፣ ማለትም የፈቃድ ጊዜ ክፍያ፣ ደግሞ ሕመም ይዞት መሥራት ላቃተው። ሁለቱን የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኢምፕሎይመንት ሴኩሪቲ ዲፓርትመንት። ለአንድ ሳምንት ሁለቱንም መውሰድ አይቻልም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይሄ ነው፦ ሥራ የሌለው ሰውም የሚፈለገውን ያህል ሰዓት ሠርቶ ከነበረ ፔይድ ሊቭ ማመልከት ይችላል።

ሰዓቱ ስንት ነው? በዋሽንግተን ስቴት ለአንኢምፕሎይመንት 680፣ ለፔይድ ሊቭ 820። የሚታየው በግምት ያለፈው አንድ ዓመት ነው። 820 ሲባል አትደንግጡ። በሳምንት 16 ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው ዓመት ሲሞላው 832 አለው። ጠዋት ፓርኪንግ፣ ማታ አረጋውያን ቤት የምትሠሩ ደግሞ የሁለቱም ይደመራል። ፔይስተባችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ አትጣሉ።

«የመንግሥት ጥገኛ ልንሆን?» የሚሉ አባቶች አሉ። አባቶቼ፣ ልመና አይደለም። የአንኢምፕሎይመንቱን አሠሪው ይከፍልላችኋል። ለፔይድ ሊቩ ከ2019 ጀምሮ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል፤ ፔይስተባችሁ ላይ ፈልጉት። ክፍያው የተጀመረው በ2020 ነው። ለራሳችሁ ሕመም በአብዛኛው እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሰው ከደመወዙ እስከ 90 በመቶ ድረስ ሊያገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ሐኪሙ ክፍል እንግባ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ለፔይድ ሊቭ ሐኪሙ የሚሞላው ፎርም አለ። ሐኪሙ የሚጽፈው የነገራችሁትን ጭምር ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ትከሻቸው አይነሣም። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «ትንሽ ያመኛል፣ ይሻለኛል» አሉት። ፎርሙም በዚያው ልክ ቀለለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጃቸው «እማዬ፣ አንሶላ ስትቀይሪ የምትሆኚውን ንገሪው» አለቻቸው። ፍራሹን በአንድ እጃቸው እንደሚያነሡ፣ መታጠቢያ ቤቱን ለማጽዳት ተንበርክከው ለመነሣት ግድግዳ እንደሚይዙ ነገሩት። ያኔ ሌላ ፎርም ተጻፈ። ማጋነን አይደለም። እሳቸው ቀድሞም ያንኑ ነበር የሚኖሩት።

ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አመመኝ ብላችሁ በአንድ ቀን ሥራ አትልቀቁ። ሥራ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አንኢምፕሎይመንት ሊከለከል ይችላል። ሕመም በቂ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን በቅድሚያ ለአለቃችሁ መንገራችሁ፣ ፈቃድ መጠየቃችሁ ይታያል። በጽሑፍ ጠይቁ። ቴክስትም ይሁን። ገንዘቡ ተፈቀደ ማለት ቦታችሁ ይጠበቃል ማለት እንዳልሆነም እወቁ፤ ለእሱ የራሱ ደንብ አለው። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱ ኤል ኤንድ አይ ወደሚባለው የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።

ደብዳቤ ሲመጣ ፍሪጅ ላይ ለጥፎ መርሳት የለም። ውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ አለ፤ አንኢምፕሎይመንት ላይ የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ነው። እኔ ያንን ደብዳቤ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስቀምጬ ነበር። ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ «አማሪክ፣ ፕሊስ» በሉ። አስተርጓሚው በነጻ ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጃችሁን አታስጨንቁት።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ይሸታል። ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። መነጽሬን ይዣለሁ።